አዳዳ ባየሽ ስለ ለንደን ሽልማት ያለችው

ለንደን፣ ግንቦት 21 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለአጎቴ ልጅ ለጋሽ ሚልኬሳ፤

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ ሃዋኒ፣ ልጅህ ለንሳ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ እናቴ አዮ ባየሽ እንደምን ናችሁ? ጎረቤቱስ፣ ከብቱስ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም።

ከዚህ ወረቀት ጋር አንድ የቪዲዮ ካሴት ይደርስሃል። ሰው ፈልጋ የላከችልኝ ጉዴ የምትባል የጊንጪ ልጅ ናት፤ እዚህ ነርስ ሆና ትሠራለች። እሑድ እሑድ የማስታምማቸውን አሮጊት በዊልቸር እየገፋሁ መናፈሻ ስወስዳቸው በኦሮምኛ ሳንጎራጉር ሰማችኝና ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዬን ፖስታ ቤት የምትወስደውም፣ የእናንተን የምታመጣልኝም እሷ ናት።

ካሴቱ ላይ ያለው ፊልም አይደለም። የእንግሊዝ ሰዎች በቴሌቪዥን ድራማ የሠራውን፣ የቀለደውን፣ ዜና ያነበበውን በዓመት አንድ ጊዜ ሰብስበው ይሸልማሉ። አገሩ ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየዋል። በማግሥቱ ጋዜጣውም፣ አውቶቡስ የሚጠብቀውም ሰው ወሬው እሱ ብቻ ነው፤ "ለእሷ አይገባም ነበር"፣ "እሱ ተበደለ"፣ "ያ ቀሚስ ምንድን ነው" እያሉ ይጨቃጨቃሉ። የእኔዋ አሮጊት ሚስስ ፕሪንግል በወጣትነታቸው በቴሌቪዥን ስመ ጥር ስለነበሩ በየዓመቱ ይጠራሉ። ዘንድሮ ዊልቸራቸውን የገፋሁት እኔ ነኝ። ጋሼ፣ እኔ ቴሌቪዥን ላይ አለሁ!

ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ቀጭን ሴት እያለቀሰች ወደ መድረክ ስትወጣ በግራ በኩል ያሉትን ጠረጴዛዎች ተመልከቱ። ነጭ ፀጉር ያላቸው አሮጊት አሉ፤ ከኋላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ። ቶሎ ያልፋል፣ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ።

አዮ ጆሮዋ ከተዘጋ ወዲህ ስልክ አይጠቅመንም፤ ከአገር ከወጣሁ ድምፄን ሰምታው አታውቅም። ፊቴን ግን ታየዋለች። ስታየኝ ምን እንዳለች አንዲት ቃል ሳታስቀር ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እህትህ ኤቢሴ


አምቦ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤቢሴ፤

አካም ጅርታ? ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያለው ዘመድ ሁሉ ሰላም ብሎሻል። የሁሉንም ስም ልጻፍ ብል ቴምብሩ አይችለውም። እኛ ደኅና ነን። ክረምቱ ጥሩ ገብቷል፤ ጭቃው ብቻ አላስኬድ ብሎናል።

ካሴቱ ደረሰ። እሑድ ከጸሎት መልስ ኦቦ ለሜሳ ቪዲዮ ቤት ገብተን አየነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ሱቅ የነበረችውን ቤት ነው ቪዲዮ ቤት ያደረጋት። የሕንድ ፊልም ሊያሳይ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር፤ "የባየሽ ልጅ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን" ሲባል ገንጥሎ ጣለው። ሕንዱን ብለው የመጡት ጎረምሶች አጉረመረሙ፤ ግን አንድም የወጣ የለም። አክስቴን አዳዳ ባየሽን ከፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጥናት።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ልተረጉም ጉሮሮዬን ጠርጌ ተነሣሁ። ምን ዋጋ አለው! እንግሊዞቹ እኔ የማስተምረውን እንግሊዝኛ አይናገሩትም። ሰው "ምን አለ? ምን አለች?" ይለኛል፣ እኔን ላብ ያጠምቀኛል። ያን ጊዜ አክስቴ ወደ ኋላ ዞር ብላ "ዛሬ ገና ሁላችሁም እንደ እኔ ደንቆሮ ሆናችሁ። እኔ ለምጄዋለሁ፤ እኔን ጠይቁ" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ዳኛዋ እሷ ሆነች።

ሰማያዊ የለበሰችውን "ይቺ በአፏ ነው የምታለቅሰው፤ ዓይኗ ማን ማን እንዳያት ይቆጥራል" አለች። ተሸንፎ የሚያጨበጭበውን ራሰ በራ ደግሞ "እጁ ያጨበጭባል፣ መንጋጋው ተቆልፏል። የተበደለው ይሄ ነው፤ ዋንጫው የሱ ነበር" ብላ ፈረደችለት። መድረኩን የሚመራው ቀልደኛ "የጊንጪ ገበያ ደላላ! በሬውን ያሞግሳል፣ ዓይኑ ከኪስህ አይነቀልም" ተባለ። ከሁሉ ያናደዳት ዋንጫውን በአንድ እጃቸው ላፍ እያደረጉ መሄዳቸው ነው። "አሳዳጊ የላቸውም? የሰው ስጦታ በአንድ እጅ?" ብላ እስከ መጨረሻው ስታጉረመርም ነበር። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጡት አቶ ወልደሰንበት በበኩላቸው "ዳኛው ሳይታይ ፍርዱ ብቻ የሚነበብበት እንዴት ያለ ችሎት ነው?" ብለው ተቃውሟቸውን አስመዝግበዋል።

ወደ መጨረሻው በዓመቱ የሞቱትን ሰዎች ፎቶ እያሳዩ ያጨበጭቡ ጀመር። "ሞተዋል?" ብላ አክስቴ ጠየቀችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። "ለሞተ ሰው ይጨበጨባል?" አለች። ቀጥላ ግን "ይሁን። ለሁሉም እኩል ተነገራቸው። ጎሕ ሲቀድ ለመርዶ ተሰብስቦ የሰው በር ከማንኳኳት ተገላገሉ" አለች።

አንቺ ስትመጪማ እልልታው መናኸሪያ ድረስ ተሰማ። ኦቦ ለሜሳ ወደ ኋላ እየመለሰ ደጋግሞ አሳየን። አዳዳም በደንብ አየችሽ። ደስ ብሏታል። ብዙ ነገር ተናግራለች፤ ወረቀቱ አለቀብኝና ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ዓይኔ ደክሟል፤ የንባብ መነጽር ብትልኪልኝ የተማሪዎቼን ስሕተት በደንብ አያለሁ።

ወንድምሽ ሚልኬሳ


ለንደን፣ መስከረም 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለጋሽ ሚልኬሳ፤

አዲሱ ዓመት የጤና፣ ወተት የሚትረፈረፍበት ይሁንላችሁ። ደብዳቤህን ማታ ማታ ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው።

የአዮን ፍርድ ለሚስስ ፕሪንግል ተረጎምኩላቸው። ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀይሮ ውኃ ማጠጣት ነበረብኝ። "እናትሽ ከጋዜጠኞቻችን ሁሉ ይበልጣሉ" አሉ። እውነትም ጋዜጣው ራሰ በራው ተበደለ ብሎ ነበር። በአንድ እጅ መቀበል ነውር መሆኑንም ነገርኳቸው። አሁን ሻይ ስሰጣቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "እንዲህ?" ይሉኛል። አንዳንድ ቀን ስሜን ይረሱታል፤ ይሄን ግን አልረሱትም።

መነጽርህን ልኬአለሁ።

ጋሼ፣ ወረቀቱ አለቀብኝ ያልከው ግን እንዴት ነው? ከፊርማህ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነበር። ስለ ሰማያዊ ለባሿ ያለችውን ጽፈሃል፣ ስለ ራሰ በራው ጽፈሃል። ስለ እኔ "ደስ ብሏታል" ብቻ? አዮ በሕይወቷ ደስ ብሎኛል ብላ የምታቆም ሴት ናት እንዴ?

ስለ መምጣቴ ጠይቀኸኝ ባታውቅም ልንገርህ። የሚስስ ፕሪንግል ልጅ ሚስተር ኮሊን፣ ያ አዲስ አበባ ሳለ ቤቱ የምሠራለት፣ ፓስፖርቴን ከመጣሁ ጀምሮ እሱ ነው የሚያስቀምጥልኝ። "ለሚቀጥለው ዓመት ትሄጃለሽ" ብሎኛል። አምናም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። እናቱ ወጥተው መንገድ እንዳይጠፋባቸው ጠዋት ሥራ ሲሄድ በሩን ከውጭ ይቆልፈዋል፤ እሑድ እሱ ካልከፈተልን አንወጣም። ይሄን ለጉዴ አልነገርኳትም። ትልቅ ሴት ሆኜ ቁልፍ የለኝም ማለት አፈርኩ። አንተም ለሰው አታውራው።

ለአዮ ደኅና ናት በላት። ደግሞ ምን እንዳለች ጻፍልኝ።

ኤቢሴ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለኤቢሴ፤

መጪውን ገና በሰላም ያድርስሽ። መነጽሩ ደርሶ አፍንጫዬ ላይ ነግሦአል፤ ተማሪዎቼ "ቲቸር እንግሊዝ ሄዶ መጣ" ይሉኛል።

ስለ በሩና ስለ ፓስፖርቱ የጻፍሽው አሳስቦኝ ነበር። ሳስበው ግን ሰው አገር ሥርዓት አለ። ሰውዬው ለእናቱ ብሎ ነው። ታገሺ፤ ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው።

አዳዳ ጉንፋን ይዟት ትንሽ ታስላለች። እሱ ግን አላገዳትም፤ እሑድ ሲሆን ከዘራዋን ይዛ ቪዲዮ ቤት ትሄዳለች። ኦቦ ለሜሳም እምቢ ማለት አይሆንለትም። ጎረምሶቹ "ሕንዱን ስጡን" እያሉ ይጮኻሉ፤ እሷ አትሰማቸውም። አንቺ ያለሽበት ላይ ሲደርስ እጇን ታነሣለች፣ ያቆምላታል። ለሚመጣው ሽልማት ነጠላ ልበሺ ብላለች፤ "ከሩቅ እንድለያት" ነው ያለችው። ነጠላውን በሰው ልከናል፤ ጥለቱን የመረጠችው ራሷ ናት።

ስለ አንቺ ምን አለች ላልሽው፣ እናት ምን ትላለች? ከስታለች አለች፤ ትንሽ ቆየችብኝ አለች። ከዚህ ሌላ የለም።

አንድ ጉዳይ አለኝ። ለንሳ አሥረኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። ፈተናው አልሆነላትም፤ እዚህ ደግሞ ሥራ የለም። አንቺ እዚያ ሥር ከሰደድሽ ለእሷም ጥላ ትሆኛለሽ። ሚስተር ኮሊን ሌላ አስታማሚ የሚፈልግ ወዳጅ አያጣም፤ ጠይቂልን። ሃዋኒም አደራ ብላለች።

ሚልኬሳ


ለንደን፣ ግንቦት 17 ቀን 1994 ዓ.ም. (ከካሴቱ ጋር)

ጋሼ፣ ካሴቱን የሚያመጣው ሰው ነገ ስለሚበር ጉዴ መናፈሻው ውስጥ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ይኸው የዘንድሮው ሽልማት። ዝርዝሩን በፖስታ እጽፋለሁ። ከገና ወዲህ ደብዳቤህ ለምን ቀረ? አዮ ሳሉ ተሻላት? አይታ ያለችውን ጻፍልኝ።

ኤቢሴ


ለንደን፣ ግንቦት 25 ቀን 1994 ዓ.ም. (በፖስታ)

ለጋሽ ሚልኬሳ፤

ሰላምታዬ ከካሴቱ ጋር ቀድሞ ደርሶሃል ብዬ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

ለአዮ ቀስ ብለህ ንገራት፤ ዘንድሮ የለሁም። ነጠላዬን ተኩሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ሚስስ ፕሪንግልን አልብሼ ስጨርስ ሚስተር ኮሊን ሴት ልጁን ይዞ መጣና "ዘንድሮ ዊልቸሩን እሷ ትገፋለች፤ ቴሌቪዥን ላይ መውጣት ፈልጋለች" አለኝ። በሩን ቆልፈው ሄዱ። እኔም ነጠላዬን እንደለበስኩ ሳሎን ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን አየሁት። አዳራሹ ውስጥ ማንም የእኛን ነጠላ የለበሰ አልነበረም። አሮጊቷ መሐል ላይ ልጅቷን ሲቆጧት አየሁ፤ ስሜን ሲጠሩ ከከንፈራቸው አነበብኩ። ለካ የአዮን ሙያ ተምሬአለሁ።

አዮ እኔን ፍለጋ ዓይኗን እንዳታደክም ብዬ ነው። ለሚመጣው ዓመት እኖራለሁ በላት። ስለ ሌሎቹ ግን ፍርዷን እፈልጋለሁ፤ ቀይ የለበሰችው አሸናፊ እዚህ ሰውን ለሁለት ከፍላዋለች።

ኤቢሴ


አምቦ፣ ሰኔ 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበርሽ እህቴ ለኤቢሴ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። ዝም በማለቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ የፈተና እርማት፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ እያለ ጊዜው ነጎደ። በፖስታ እልካለሁ ያልሽው ደብዳቤ ገና አልደረሰኝም፤ ካሴቱ ግን በሰላም ገብቷል።

እንደ አምናው ኦቦ ለሜሳ ዘንድ ሆነን አየነው። አዳዳም አየችው። ሽልማቱ በጣም ያማረ ነበር ብላለች። አሸናፊዎቹ ሁሉ ቆንጆዎች ናቸው፣ ሁሉም ይገባቸዋል አለች። አንቺን በነጠላ ስታይሽማ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። "ወፍራለች፣ አምሮባታል፣ እዚያው ትቆይልኝ" አለች። ሳሏም ተሽሏታል።

ስለ ለንሳ ያልኩሽን አትርሺ።

ሚልኬሳ


ለንደን፣ ሐምሌ 14 ቀን 1994 ዓ.ም.

ጋሽ ሚልኬሳ፤

እስካሁን የፖስታው ደብዳቤ ደርሶህ ይሆናል። ካልደረሰህ አሁን ልንገርህ፦ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ነጠላ የለበሰ ሰው ካሴቱ ላይ የለም።

"ሁሉም ይገባቸዋል" ነው ያልከኝ? የእኔ እናት? የሰው ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ቆንጆ ለማለት ሦስት ጊዜ የምታስብ ሴት፣ ለማታውቃቸው እንግሊዞች ሁሉም ይገባቸዋል አለች? "እዚያው ትቆይልኝ" አለች?

ስለ ለንሳም፣ ስለ ሌላውም በኋላ እንነጋገራለን። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። አዮ የት ናት?

ኤቢሴ


አምቦ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1994 ዓ.ም.

እህቴ፣ ኤቢ፤

ይህ ወረቀት ጉዴ ከመጣች በኋላ እንዲደርስሽ ጸልያለሁ። ቤተሰቧ ጊንጪ ስለሆኑ ሄጄ ለመንኳቸው፤ እዚያ ያሉ የአገር ልጆች ይዛ ቤትሽ እንድትመጣ በስልክ ነግረዋታል። ጉዴን ያላየሽ ከሆነ እባክሽ እዚህ ላይ አቁሚ።

አዳዳ ባየሽ በየካቲት አረፈች። ሳሉ ወደ ደረት ወረደ። ቀብሯ ላይ ከወንጪ ሳይቀር ሰው በፈረስ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ፤ ኦቦ አመዩ "መርዶ በወረቀት አይነገርም። የሚደግፋት ሰው ሳይኖር፣ ባዶ ቤት፣ ልጅቷን በደብዳቤ ልትገድሏት ነው?" አሉ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ጭምር። እዚያ ሰው እስክናገኝ ደኅና ናት እያልኩ ልጽፍ ተስማማሁ። ካሴቱ ሲመጣ ከል ለብሼ ነበር። ሐዘን ቤታችን ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፤ ቪዲዮ ቤት እንዴት እገባለሁ? ሳላየው ጻፍኩ። የያዝሽብኝ ውሸት ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ግን ሦስት ጊዜ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አምና አንቺን ስታይ እልል አላለችም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጇን አነሣች። አስቁሙልኝ አለች፤ ለሜሳ አቆመላት። ተነሥታ ቴሌቪዥኑን በእጇ ዳሰሰችና "ሰው ሁሉ መድረኩን ያያል። ልጄ ግን በሩን ነው የምታየው። ጥጃዋ ውጭ የቀረባት ላም የበረቱን በር እንዲህ ነው የምታየው። ልጄ ታስራለች። ጻፍላት፣ በሩን አትዪው፣ ውጪ በላት" አለች። በየእሑዱ የምትሄደው ያቺን ዓይንሽን ለማየት ነበር። እስክትሞት ድረስ "ጻፍክላት?" ትለኝ ነበር፤ እኔም "ጽፌላታለሁ" እላት ነበር።

ለምን አልጻፍኩም? ተነሥተሽ ከመጣሽ የለንሳ መንገድ ይዘጋል ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ይሄ ነው፤ ሌላ ማሳመሪያ የለኝም።

ሚልኬሳ


ለንደን፣ መስከረም 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ጋሽ ሚልኬሳ፤

ጉዴ ከደብዳቤህ በፊት መጥታለች።

ሚስተር ኮሊን ማታ በሩን ቆልፎ ውጭ አድሮ ነበር፤ ገና ሳይነጋ ደወል ሰማሁ። ወርጄ በበሩ መስታወት ሳይ ሦስት ጥላ ቆሟል፦ ጉዴ፣ ቀንዓ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አንዲት ሌላ ሴት። "ኤቢሴ፣ በሩን ክፈቺ" አለችኝ ጉዴ በኦሮምኛ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ይዞ የሚመጣ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የአገራችን ልጅ የለም። "ቁልፍ የለኝም" አልኳቸው።

"እንዴት ቁልፍ የለሽም? የምትኖሪበት ቤት አይደለም?"

"ከውጭ ነው የሚቆለፈው።"

ጉዴ በሩን ገፋ አደረገችው። ከዚያ ኦቦ ቀንዓ "መርዶ በር ተዘግቶ አይነገርም። ልጅቷ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? እንመለስ" ሲሉ ሰማኋቸው። እኔ ነኝ የለመንኳቸው። "ኦቦ፣ በሩ አይከፈትም። ንገሩኝ" አልኩ። ነገሩኝ። እነሱ በር ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ከውስጥ ምንጣፉ ላይ ወድቄ አለቀስን። በሩ ላይ የደብዳቤ መክተቻ ቀዳዳ አለ፤ ጉዴ ጣቶቿን በእሱ አሾለከችልኝ። እነሱን ይዤ እናቴን አለቀስኩ። ጎረቤቶቹ መስኮት ከፍተው አዩአቸው።

ሚስተር ኮሊን ሲመጣ "በሐዘንሽ አዝናለሁ" አለኝ። ቀጥሎ እናቱ ቁርስ መብላታቸውን ጠየቀኝ።

ጉዴ ፖሊስ ልጥራ ብላ ነበር፤ ፈርቼ ከለከልኳት። ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቃም "ፓስፖርትሽን መያዝ አይችልም" አለችኝ። እኔ ግን ገና ፈሪ ነኝ።

ልቀየምህ ሞክሬ ነበር። ጻፍክላት ስትልህ ጽፌአለሁ ማለትህ ያንገበግበኛል፤ ወደፊትም ያንገበግበኛል። ለንሳን ግን ወደዚህ አልጠራትም። አስታማሚ መሆን አይደለም የሚያስፈራው። የምትገባበት ቤት ቁልፍ በእጇ ሳይሆን የትም እንዳትሄድ፤ ይሄን አክስትሽ አለች በላት።

ኤቢሴ


አምቦ፣ ጥር 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤቢሴ፤

ጽናቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ለሃዋኒም ለለንሳም አነበብኩላቸው። ለንሳ አልቅሳ ስታበቃ "እኔ መቼ ልሂድ አልኩ?" አለችኝ፤ ለካ ጠይቄያትም አላውቅም። አሁን ልብስ ስፌት ልትማር ተመዝግባለች።

ኦቦ ለሜሳ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ሰው አያስቀምጥም። ጎረምሶቹም ሳይነገራቸው ከኋላ ይቀመጣሉ።

ከአሁን በኋላ ያልተባለ ነገር አልጽፍልሽም። የእናትሽ ቤት ክፍት ነው፤ እኔ ግን ነይ ወይም ቅሪ ለማለት አፍ የለኝም።

ሚልኬሳ


ለንደን፣ ግንቦት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሽ ሚልኬሳ፣ ለሃዋኒ፣ ለለንሳ፣ ለአምቦ ሰው ሁሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደኅና ነኝ የምለው ዛሬ ለአፌ ያህል አይደለም።

ሚስስ ፕሪንግል ዘንድሮ ለዘመናቸው ሥራ ሁሉ እንዲሸለሙ ተወሰነ። አምና ልጅቷን አስቸግረዋት ስለነበር ሚስተር ኮሊን "አንቺው ትገፊያለሽ" አለኝ። ነጠላዬን ለበስኩ፤ ጥለቱን ግን ወደ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሐዘንተኛ። ሳለብሳቸው ለሚስስ ፕሪንግል ጥያቸው እንደምሄድ ነገርኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር።

ዋንጫው ከመድረክ ወርዶ እሳቸው ጋ መጣላቸው። ያን ጊዜ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ተቀበሉ፤ ቀና ሲሉም ወደ እኔ ዞረው "እንዲህ?" አሉኝ። "እንዲህ" አልኳቸው። እንባዬ መጣ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እሳቸውም ተቆልፎባቸው ነው የኖሩት። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሚስተር ኮሊን ወደ ካሜራው ፈገግ ብሎ ነበር። የዊልቸሩን ማቆሚያ አጠበቅሁ፣ ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከልኩ፣ እጀታውንም ለቀቅሁ።

ያን በመጀመሪያው ካሴት ላይ ሳየው የነበረውን የአዳራሹን በር ስገፋው ተከፈተ። አልተቆለፈም ነበር። ውጭ ጉዴ መኪናዋን አስነሥታ ትጠብቀኝ ነበር።

አሁን ከእሷ ጋር ነው ያለሁት። የአገር ልጆች ለለቅሶ ይመጣሉ፤ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። የፓስፖርቱን ነገር ጠበቃ ይዞታል፤ እንደ ተመለሰልኝ መቃብሯ ላይ እመጣለሁ።

ካሴቱን ጉዴ ከሰው አስቀድታ ትልካለች። ኦቦ ለሜሳ ሕንዱን ትንሽ ያቆየው። ሰው ሁሉ ሲነሣ ዋንጫውን አትዩ፤ ከኋላ ነጠላ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ ታያላችሁ። እዚያ ላይ አስቁሙት። ፊቴ አይታይም፤ አዮ ብትኖር ግን ከጀርባዬም ታነበው ነበር።

አግዳሚዋን ለእሷ ተዉላት።

ኤቢሴ